የሐይቅን ቀለም መቍጠር

በወሎ፣ በደላንታ ደጋ ላይ በምትገኘው በወገል ጤና አካባቢ ከገደሉ አፋፍ ሥር እየተቈፈረ የሚወጣውን ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይህን ሁሉ ኅብር ማን ቀባው? ድንጋዩን በእጅ ይዘው ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ቀይ፣ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መልሱ ግን የሚያስገርም ነው። እየተለዋወጠ የሚጫወተው ኅብር ከቀለም የመጣ አይደለም። ሲሊካ የተባለው፣ ከአሸዋ ጋር ዝምድና ያለው ነገር እጅግ ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆኖ በሥርዓት ስለ ተደረደረ፣ የገባበትን ብርሃን እየከፋፈለ ስለሚመልሰው ነው። እንዲያውም የወገል ጤናን ኦፓል ውኃ ውስጥ ቢዘፍዝፉት ውኃውን ጠጥቶ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ ኅብሩም ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ እንደገና ይመለሳል።

ከወገል ጤና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርደን ከደሴ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ውኃ ብንደርስ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። የሐይቁ ውኃ በአንዳንድ ወራት አረንጓዴ መስሎ ሲታይ፣ ያ አረንጓዴነት የብርሃን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በውኃው ውስጥ ተንሳፈው የሚኖሩ ደቂቅ እጽዋት በሰውነታቸው የያዙት እውነተኛ ቀለም ነው። ከነዚህም እጽዋት መካከል ዳያቶም የሚባሉት የሚኖሩበትን ቅርፊት የሚሠሩት ከዚያው ከሲሊካና ከውኃ ነው፤ ሊቃውንቱም ቅርፊቱን ኦፓል ብለው ይጠሩታል። እንግዲህ የደላንታው ድንጋይ ቀለም የሌለው ኅብር ሲሆን፣ የሐይቁ ነዋሪ ግን በኦፓል ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቀለም ነው ማለት ይቻላል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ቀለም፣ ከእርሱም ምን ዐይነት ዕውቀት እንደሚገኝ ጥቂት ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዓይን የማያየው መስክ

ፊቶፕላንክተን ተብለው የሚጠሩት እነዚህ ደቂቅ እጽዋት አብዛኛዎቹ ያለ አጉሊ መነጽር አይታዩም። ዳሩ ግን ሥራቸው ታላቅ ነው። በምድራችን ላይ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከሚሠራው ምግብ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው በባሕርና በውቅያኖስ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው የነርሱ ድካም ነው። ለዓሣው ዘር ሁሉ መስኩና ሣሩ እነርሱ ናቸው። ደቃቅ የውኃ እንስሳት እነርሱን ይግጣሉ፤ ትንንሽ ዓሦች እነዚያን እንስሳት ይበላሉ፤ ትልልቁ ዓሣ ትንንሾቹን ይውጣል፤ በመጨረሻም ሰው መረቡን ይጥላል።

ነገር ግን መስክ ሁሉ አንድ ዐይነት ሣር እንደማያበቅል፣ ውኃም እንደዚሁ ነው። ለዓሣው የሚስማማ አለ፤ የማይስማማም አለ፤ ሰውንና ከብትን የሚመርዝም አለ። በቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ዘር በብዛት እየበቀለ ውኃውን አረንጓዴ ሲያደርገው፣ በውኃው ውስጥ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ መገኘቱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ስለዚህ «ውኃው አረንጓዴ ሆኗል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። አረንጓዴ ያደረገው ማን ነው? ምን ያህልስ ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአጉሊ መነጽር እያዩ አንድ በአንድ መቍጠር የታወቀ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ እጅግ ደቃቆቹንም ለይቶ ለማወቅ አዳጋች ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሌላ መንገድ ፈለጉ። እጽዋቱን ራሳቸውን ከመቍጠር ይልቅ የያዙትን ቀለም መመርመር ጀመሩ።

ቀለሙ እንዴት ተለይቶ ይታወቃል

የዚህ ጥበብ መሠረት የተጣለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሚካኢል ጽቬት የተባለ በዋርሶ ይሠራ የነበረ ሩሲያዊ የእጽዋት ሊቅ፣ ከቅጠል የወጣውን አረንጓዴ ፈሳሽ በደቀቀ ጠመኔ በተሞላ የመስታወት ቧንቧ ውስጥ አሳለፈው። አንድ ይመስል የነበረው አረንጓዴ በጠመኔው ውስጥ ሲወርድ ተለያይቶ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ቀለም ከጠመኔው ጋር የሚያያዝበት ኃይል ስለሚለያይ አንዱ ፈጥኖ ሲወርድ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ጽቬት ሥራውን በ1906 ባሳተመ ጊዜ ለዘዴው ክሮማቶግራፊ የሚል ስም ሰጠው። የራሱ የጽቬት ስም በሩሲያ ቋንቋ «ቀለም» ማለት መሆኑም ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ተማሪ የሆነ አንባቢያችን ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የጎመን ቅጠል ወቅጦ ለቍስል ማጽጃ በሚሸጠው አልኮል ውስጥ ይዘፍዝፈው፤ ከእሳት ግን ያርቀው። ፈሳሹ ሲጠቍር ከቡና ማጥለያ ወረቀት ቀጭን ሰቅ ቈርጦ ጫፉን ብቻ ይንከረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረንጓዴው ከቢጫው ተለይቶ ወረቀቱን ሲወጣ ያያል።

ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ከዚህ የረቀቀ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ከባሕሩ ወይም ከሐይቁ የተቀዳው ውኃ በቀጭን የመስታወት ጭረት ማጥለያ ይጠለላል። ማጥለያው ላይ የቀረው እጽዋት ብርሃን እንዳያበላሸው በጨለማና በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከዚያም አሴቶን በመሰለ ፈሳሽ ቀለሙ እንዲወጣ ይደረግና በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። መሣሪያው እያንዳንዱ ቀለም የወጣበትን ደቂቃና ብዛቱን ይመዘግባል።

ክሎሮፊል «ሀ» ብለን የምንጠራው ቀለም በሁሉም ዘንድ ስላለ የእጽዋቱን ጠቅላላ ብዛት ይነግራል። ሌሎቹ ቀለሞች ግን እንደ ነገድ ምልክት ናቸው። ፉኮዛንቲን የተባለው ቡናማ ቀለም በብዛት ሲገኝ ዳያቶሞች እንዳሉ ይጠረጠራል። ፔሪዲኒን ዲኖፍላጀሌት የሚባሉትን ያመለክታል። ክሎሮፊል «ለ» የአረንጓዴዎቹ ወገን ነው፤ አሎዛንቲን ደግሞ ክሪፕቶፋይት የሚባሉትን ያሳብቃል። በ1996 የአውስትራሊያ ሊቃውንት ከነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ የየነገዱን ድርሻ በሒሳብ የሚያወጣ ኬምታክስ የተባለ ዘዴ አሳትመዋል፤ በየውቅያኖሱም ይሠራበታል።

እርግጥ ነው፣ ቀለም ብቻውን ሙሉ ምስክር አይሆንም። ፉኮዛንቲን ከዳያቶም ሌላ ባለቤቶችም አሉት። አንዱ ተክል ጥላ ውስጥ ሲኖር ብዙ ክሎሮፊል፣ ብርሃን ሲበዛበት ጥቂት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ተመራማሪ ቀለሙን ከአጉሊ መነጽሩ ጋር እያስተያየ ይፈርዳል እንጂ በአንድ ምስክር አይፈርድም።

ሀገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ሆኖም ይህ ጥበብ ለኛ ባዕድ አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው። ያን ቀለም የሚሰጠው ስፒሩሊና በመባል የሚታወቀው ደቂቅ ፍጥረት ነው። ታሊንግና ሦስት ጓደኞቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት በአረንጓዴና በቂሎሌ ሐይቆች የተለካው የምግብ አሠራር ፍጥነት በዓለም ሐይቆች ከታወቁት ከፍተኛዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኝቷል።

የሐይቅ ምስክርነት

አሁን ወደ ወሎው ሐይቅ እንመለስ። የዚህ ውኃ ታሪክ ለማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ትምህርት የሚሆን ነው።

በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ ነጭ ሰሐን በገመድ አውርዶ፣ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመለካት የውኃን ጥራት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ኢጣሊያውያን አጥኚዎች ይህን የመሰለ ሰሐን ሐይቅ ላይ ባወረዱ ጊዜ ሰሐኑ እስከ 9 ሜትር ያህል ይታይ ነበር። ባክስተርና ጎሎቢችም በ1970 ስለ ሐይቁ ጠባይ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። በ1978 ደግሞ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። የተደረገውም ለበጎ ነበር። ሕዝቡ ዓሣ አገኘ፤ ለአጥማጆችም እንጀራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ኤልሳቤጥ ከበደና የሥራ ጓደኞቿ ሐይቁን እንደገና መርምረው በ1992 ውጤቱን ሲያሳትሙ፣ ሰሐኑ ገና 2 ሜትር ሳይሞላ የሚሰወር ሆኖ ተገኘ። ውኃው በደቂቅ እጽዋት ተሞልቷል። ቀድሞ የነበሩት ኮፔፖድ የሚባሉት ደቃቅ እንስሳትም ጠፍተዋል። አጥኚዎቹ ከምክንያቶቹ አንዱ ዓሣው ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ነገሩን በደጋ ሰው ምሳሌ ብናስረዳው፣ በጎቹን ቀበሮ ከጨረሳቸው ሣሩ ያለ ከልካይ ያድጋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ለውጡ እንዴት ታወቀ? በባሕሩ ዳር የሚኖር ሰው ውኃው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ዓይኑ ከለውጡ ጋር አብሮ ይለመዳል። ለውጡን ሊያስረዳ የቻለው ከ50 ዓመት በፊት በመዝገብ የተጻፈ አንድ ቍጥር ነው። ያ ቍጥር ባይጻፍ ኖሮ «ሐይቁ ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚለውን ሰው የሚመልስ አይገኝም ነበር።

ነገር ግን ሰሐኑ የሚናገረው ውኃው መደፍረሱን ብቻ ነው። ደለል ይሁን እጽዋት አይለይም። ክሎሮፊል እጽዋት መሆናቸውንና ብዛታቸውን ይነግራል። ሌሎቹ ቀለሞች ደግሞ ዓሣ የሚያሳድገው ወገን ይሁን መርዝ የሚያመጣው ይለያሉ። የሐይቅን ውኃ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ለአጥማጁና ከብቱን ለሚያጠጣው ገበሬ መልስ ለመስጠት ሦስቱም ያስፈልጉታል።

ከዚህም በላይ ሐይቅ የራሱ መዝገብ ቤት አለው። የእስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብራና ሲያኖር፣ የውኃው ወለል ደግሞ ጭቃውን ከዓመት ዓመት ሲደርብ ኖሯል። ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከአርድቦ ወለል ከወጣው ጭቃ ውስጥ የእጽዋት ብናኝ ተመርምሮ በ3,000 ዓመታት ውስጥ ደኑ እንዴት እንደተመነጠረና እንደገና እንዳገገመ በ2003 ታትሟል። በሌሎች አገሮች ሐይቆች እንደታየው፣ ብርሃንና አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የደቂቅ እጽዋት ቀለምም ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይጠፋ ሊቈይ ይችላል።

ከሰማይ ሆኖ መቍጠር

ሐይቅ ዓሣውን በተቀበለበት በዚያው በ1978 አሜሪካኖች ኒምበስ 7 በተባለች ሳተላይት ላይ የባሕርን ቀለም የሚለካ የመጀመሪያውን መሣሪያ ወደ ሰማይ ላኩ። በየካቲት 2024 ደግሞ ፔስ የተባለችው ሳተላይት ተወንጭፋ ብርሃኑን እጅግ አጥብባ እየከፋፈለች የደቂቅ እጽዋቱን ወገን ለመለየት ትሞክራለች። ነገር ግን ከሰማይ የተነበበው ቍጥር እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በጀልባ ሄዶ ውኃ ቀድቶ፣ አጥልሎ፣ ቀለሙን የለካ ሰው ሲመሰክርለት ነው። ሳተላይት ያ ሰው እንዳያስፈልግ አላደረገም፤ ይልቁንም ሥራውን አከበረው።

በቋንቋችን ለተማረ ሰው «ቀለም ቈጥሯል» ይባላል። በየትምህርት ቤቱ ቀለም የሚቈጥሩት ወጣቶች አንድ ቀን በየወረዳው የውኃ፣ የዓሣ ወይም የጤና ሥራ ላይ ይመደባሉ። የረቀቀው መሣሪያ ባይደርሳቸው እንኳ ነጭ ሰሐንና ገመድ አይጠፋም። በወር አንድ ቀን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ለክቶ ቀኑንና ቍጥሩን መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሐይቅ ላይ 9 ብሎ የጻፈው ሰው ቍጥሩ ለማን እንደሚጠቅም አላወቀም ነበር። እኛ ግን ተጠቅመንበታል፤ ከኛ በኋላ ለሚመጡትም እንዲሁ ልንጽፍላቸው ይገባናል።