አሲድ ማለት ምን ማለት ነው?



ከደሴ ወደ ወልድያ ሲጓዙ ውጫሌን አልፎ፥ መርሳ ሳይደርሱ ውርጌሳ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ ብርቱካንና ሎሚ ይበቅላል። ሎሚውን የቀመሰ ሁሉ፥ አሲድ የሚኮመጥጥ ነገር መሆኑን ያለ አስተማሪ ያውቃል። ነገር ግን አሲዱን ሁሉ መቅመስ ስለማይቻል፥ ምላስ የሚሰጠው ትርጓሜ ለሳይንስ አይበቃም።

በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ እንደምታውቁት፥ አንድ አዋጅ ሲወጣ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ ይኖረዋል። አንዱ ቃል በአንዱ አዋጅ ጠበብ፥ በሌላው ሰፋ ብሎ ቢተረጐም፥ ሕጉ በሚሸፍነው ጉዳይ ልክ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። የአሲድም ነገር እንደዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ትርጓሜ የስዊድናዊው የስቫንቴ አሬኒየስ ነው። ይህ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ባቀረበው የዶክተርነት ጽሑፍ መሠረቱን ጣለ፤ በ1903 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በእርሱ አባባል አሲድ ማለት በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነው፤ ተቃራኒው ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣል።

ሁለተኛው በ1923 ዓ.ም. መጣ። ዴንማርካዊው ብሮንስተድና እንግሊዛዊው ላውሪ፥ ሳይመካከሩ፥ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፥ ቤዝም ፕሮቶን ተቀባይ ነው አሉ። በዚህ ትርጓሜ ውሃ የግድ አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ሦስተኛውን ሰጠ። አሲድ ጥንድ ኤሌክትሮን ተቀባይ፥ ቤዝም ሰጪ ነው። እንግዲህ ሃይድሮጅን የሌለበት ነገር እንኳ አሲድ ሊባል ቻለ።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ የጎጃምንና የአዊን መሬት ተመልከቱ። በዚያ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳም ይሆናል። በአፈሩ የቀረው የአሉሚኒየም አዮን የውሃን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፤ ይህ ሉዊስ ያለው ነው። የተሳበው ውሃ ፕሮቶኑን ይለቃል፤ ይህ የብሮንስተድና የላውሪ ነው። በመጨረሻም በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን ይበዛል፤ ይህ የአሬኒየስ ነው። ሦስቱ ትርጓሜዎች በአንድ ማሳ ተገናኙ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ሃይድሮክሳይድ የለበትምና በመጀመሪያው ትርጓሜ ቤዝ ለመባል ያስቸግራል፤ ሆኖም ፕሮቶን ስለሚቀበል በሁለተኛው ትርጓሜ ያለ ጥርጥር ቤዝ ነው።

እንግዲህ በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ብቻ ለክቶ የኖራውን መጠን የሚወስን ባለሥልጣን፥ ከአፈሩ ጋራ ተጣብቆ የቀረውን አሉሚኒየም ሳይቈጥር ይቀራል። ኖራው ያንሳል፤ ገንዘቡ ይወጣል፤ የገብሱም ሥር በአሉሚኒየም እንደተመረዘ ይቀራል። ስለዚህ ሰፊው ትርጓሜ ጠባቡን አይሽረውም፤ ለየትኛው ሥራ የትኛው እንደሚበቃ ለይቶ ማወቅ ግን ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ይጠበቃል።