የተበከለ ውሃና የካሳ ክስ፦ ተረትና እውነታ

ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ከብቱን የሚያጠጣው፣ ብዙ ጊዜ ጀሪካኑንም የሚሞላው ከወንዝና ከምንጭ ነው። ስለ ውሃ ብክለት የተጻፈውን ሕግ ሰው ሳይታመም ቢያውቀው ይሻላል።

«መንግሥት ስላልተቆጣጠረ መንግሥትን እከሳለሁ» የሚል ብዙ ነው። ይህ ተሞክሯል። አፓፕ የተባለው የመብት ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች መበከላቸውን ጠቅሶ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ በ1999 ዓ.ም. ክሱን አልተቀበለም፤ መከሰስ ያለበት በካዩ ነው አለ። በበኩሌ ይህ አያሳምነኝም፤ ከወንዙ ዳር ከተደረደሩት ፋብሪካዎች የትኛው እንደመረዘው ገበሬው በምን ይለያል? ሆኖም ከሳሽ የበካዩን ማንነት ይዞ መቅረብ አለበት።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 ግን ሌላ በር ከፍቷል። የግል ጥቅሙ ባይነካም ማንም ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ቅር ካለው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ ብክለቱን ለማስቆም ነው፤ የሕመም ካሳ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

«ቢቆይም መክሰስ አይከለከልም» የሚለው እምነት ከሁሉም ይጎዳል። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ የሚሰጠው 2 ዓመት ነው፤ የሚረዝመው ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ በካምፕ ለጁን የጦር ሰፈር ከ1953 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተበከለ ውሃ የጠጡ ወታደሮችና ቤተሰቦች የጊዜ ገደብ አግዷቸው፣ ኮንግረሱ በ2022 ልዩ ሕግ እስኪያወጣ ጠብቀዋል።

«ጠጣሁ፣ ታመምኩ» ማለትም አይበቃም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ጸዳ እምባ የጉበት በሽታ ሰው ሲፈጅ ውሃው ተጠርጥሮ ነበር፤ ምርመራው ያገኘው ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከውሃው መምጣቱ በምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ በሃይላንድ ተቀድቶ ቤት የሰነበተ ውሃ ለችሎት አይረባም። ባለሙያ በንጹሕ ዕቃ ይቅዳው፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይመዝገብ፤ በቀዝቃዛ ሳጥን ላቦራቶሪ ይድረስ። የሕክምና ካርዱም ላይ ታማሚው ከየት እንደሚጠጣ ይጻፍ።

የፋብሪካውን ጥፋት ማስረዳት ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም፤ በአንቀጽ 2069 መሠረት መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ባያጠፋም ይጠየቃል። የዳኝነት መክፈያ የሌለውም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል።