የሠራነውን ማን ይፈትነው?

ኢትዮጵያ የራሷን ተዋጊ ጄት መሥራት ትችላለች ወይ የሚለው ክርክር በየጥቂት ዓመቱ ይነሳል። አየር ኃይላችን አዲስ አውሮፕላን ሲረከብ፣ የድሮን ፋብሪካ ሲመረቅ፣ ቱርክ ወይም ደቡብ ኮርያ የራሷን ጄት ስታስበር ወሬው ይሞቅና ብዙም ሳይቆይ ይበርዳል። ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው «አቅሙ አለን፣ ቆራጥ መሪ ነው ያጣነው» ይላል። ሌላው «ዳቦ ሳይጠግቡ ጄት መመኘት ቅንጦት ነው» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መሥራት ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ በዚህች አገር ደጋግሞ የከሸፈው የመሥራቱ ጉዳይ ከሚመስለን ያነሰ ነው። የተሠራውን መርምሮ «ይህ አይሆንም» የሚል፣ ሲልም የሚሰማ ፈታኝ አልነበረንም፤ ሙያውን ከባለሙያው ተረክቦ የሚያስቀጥል ተተኪም አላበጀንም። ለዚህ የሚሆነው ትልቁ ማስረጃ የሚገኘው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል በሚያየው በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ መድፍ ማቅለጥ ሲያስጀምሩ የነበራቸው የሰው ኃይል ለሥራው የተዘጋጀ አልነበረም። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የእጅ ሙያ ያላቸው ሰባኪዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ሲያዟቸውም አንችልም ብለው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ምድጃው ሙቀቱን አልችል ብሎ ቀለጠ። እንደገና ተሠራ፣ እንደገና ተሞከረ፣ በመጨረሻም ብረት ቀልጦ ከቅርጹ ውስጥ ገባ። ይህን የጋፋት የመጀመሪያ ዘመን በአክብሮት ማየት ይገባል። ስህተት ተገኝቶ የታረመበት፣ ሽንፈት እንደ ትምህርት የተቆጠረበት ጊዜ ነበርና። ዘመናዊ የሙከራ ምሕንድስናም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም።

ችግሩ የመጣው መድፎቹ እየገዘፉ፣ ሠሪዎቹ ደግሞ ነፃነታቸውን እያጡ ሲሄዱ ነው። ንጉሡ ከአውሮፓውያን ጋር ተቃቅረው ብዙዎቹን ካሰሩ በኋላ የጋፋት ሰዎችም በሥጋት ሥር ይሠሩ ጀመር። ከእነዚህ እጆች ነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው፤ ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ዝናው ከገነነው የጥቁር ባሕር ምሽግ የተወሰደ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፦ ሕይወቱ በአንድ ሰው እጅ የሆነ ሠሪ፣ ለዚያው ሰው «ጃንሆይ፣ ይህ መድፍ ይህን ያህል ባሩድ አይችልም» ብሎ እንዴት ይናገራል? አዛዡ፣ ገንዘብ ከፋዩ፣ ተቀባዩና ዳኛው አንድ ሰው በሆነበት ቦታ ፈተና ሊኖር አይችልም። የሚኖረው ርክክብ ብቻ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ መድፎቹን በጋሪ እያስጎተቱ፣ በዋድላና በደላንታ አድርገው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ ለመግባት ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ገደሉን እየናዱ ያስጠረቡትን መንገድ የታሰሩትን አውሮፓውያን ሊያስፈታ ተከትሏቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ጸሐፊዎች ሳይቀሩ አድንቀውታል። እኔም ከመድፉ ይልቅ መንገዱን አደንቃለሁ። መንገድ ፈተናው በላዩ ላይ ነው፤ ጋሪው ካለፈበት አለፈ፣ ካላለፈበት አላለፈም፣ ማንም ለንጉሡ ደስታ ሲል አለፈ ሊል አይችልም። ስለዚህም ነው በዚያ ዘመቻ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በትክክል የሠራው እሱ የሆነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከአምባው ግርጌ በአሮጌ ሜዳ የሆነው ይታወቃል። ከፍታው ላይ ከተደረደሩት ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የሌሎቹም ጥይት በእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ከኢትዮጵያውያኑ ወገን 700 የሚደርስ ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ናቸው። ብዙ ጊዜ ይህን «ኋላቀር መሣሪያ በዘመናዊ መሣሪያ ተሸነፈ» ብለን እናልፈዋለን። ጠጋ ብለን ብናይ ግን የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ስናይደር ጠመንጃ ራሱ አሮጌው የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ከኋላ እንዲጎርስ ተቆርጦ የተሻሻለ ነበር። አዲስነቱ ከሌላ ቦታ ነው። መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ ብዙ ዓይነት ንድፎችን አወዳደረ፣ ስናይደር ተመረጠ፣ ጥይቱ ግን ጉድለት ስለታየበት ቦክሰር የተባለ መኮንን ደጋግሞ አሻሻለው፣ ጠመንጃውም እ.ኤ.አ. በ1866 ጸድቆ ለወታደሩ ታደለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው መቅደላ ደረሰ። በአሮጌ ሜዳ የተገናኙት የተፈተነ መሣሪያና ያልተፈተነ መሣሪያ ናቸው። የዚያኛው ጉድለት እንግሊዝ አገር በተኩስ ሜዳ ታየ፤ የእኛው በጠላት ፊት ታየ።

ሁለተኛው ጉዳት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ ተከተለ። የጋፋት ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ የብሩማናን ትምህርት ቤትና በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ መድፍ አቅላጩ ሞሪትስ ሃል ጃፋ ሰፈረ። በእቶኑ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወናፍ ሲያናፉ፣ ሲሸከሙና ሲቀጠቅጡ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን በስማቸው ተረክበው የሚቀጥሉበት ቤት አልተበጀላቸውም። ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ የዋልድማየር ትምህርት ቤት በሥራ ላይ ነው። ጋፋት ላይ ግን እቶን የለም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ምኒልክ መድፍ አላቀለጡም፤ ከፈረንሳይም፣ ከሩስያም፣ ከኢጣሊያ ከራሷም መሣሪያ ሰብስበው ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ታዲያ መግዛት እየተቻለ ለምን መሥራት? እውነት ነው፤ ነገር ግን የምኒልክ ግዢ የተሳካው ሻጮቹ እርስ በርስ ስለተሻሙ ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላ ሽሚያው ቀረ። በ1927 ዓ.ም. አውሮፓውያን የመሣሪያ ሽያጭ ማዕቀብ ጣሉ፤ ማዕቀቡ በወረቀት ለሁለቱም ወገን ነበር፣ መሣሪያዋን ራሷ የምታመርተውን ኢጣሊያን ግን ምንም አልጎዳትም። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ እያሉ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ ከሰማዩ ላይ የሚመክት አንድም የእኛ ተዋጊ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርረንም አሜሪካ እጇን ሰብስባ ነበር። የያዝናቸውን ኤፍ-5 ጄቶች ይዘው የሶማሊያን ሚግ-21ዎች ከሰማይ ያወረዱት የራሳችን አብራሪዎች ናቸው፤ መለዋወጫ በተቋረጠበት ጊዜ አውሮፕላኖቹን ለበረራ ያበቁት ቴክኒሻኖች ስም ግን ብዙም አይነሳም። ስለዚህ መግዛት ብቻውን አያዋጣም። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያስ ጄት እንሥራ» ማለት ግን ሌላ ዝላይ ነው።

ዝላዩ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሌሎችን ታሪክ ማየት ይበቃል። ሕንድ ቴጃስ የተባለውን ቀላል ተዋጊ ጄት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምራ የመጀመሪያው በረራ የተደረገው በ2001፣ የመጀመሪያው ስኳድሮን የቆመው በ2016 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ያም ሆኖ አገር በቀሉ ካቬሪ ሞተር ፈተናውን ስላላለፈ ቴጃስ የሚበረው በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ደቡብ ኮርያም እ.ኤ.አ. በ2022 ያስበረረችው ኬኤፍ-21 ሞተሩ ከዚያው ኩባንያ የመጣ ነው። ለእኔ በቴጃስ ታሪክ ውስጥ የሚያስከብረው ነገር ሕንዶች የራሳቸውን ሞተር «አልበቃም» ማለታቸው ነው። በአንጻሩ ግብፅን እንይ። ናስር ጀርመናዊውን ቪሊ ሜሰርሽሚትን ጋብዘው ኤችኤ-300 የተባለ ጄት በሄልዋን አስጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በረረ፣ በ1969 ፕሮግራሙ ተዘጋ። ባለሙያዎቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ፣ ሄዱ። ከእነዚያ ጄቶች አንዱ ዛሬ ሙኒክ አጠገብ በጀርመን ሙዚየም ቆሟል።

የእኛዋም አውሮፕላን «ፀሐይ» ዕጣዋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በአዲስ አበባ ተገጣጥማ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፣ በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች። በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም አሥርት ዓመታት ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። መመለሷ ደስ ያሰኛል፤ የእኔም ልብ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ከፀሐይ ቀጥሎ የሁለተኛዋ ንድፍ በማን እጅ ነበር ብለን ብንጠይቅ መልስ የለም።

በቅርብ ዘመንም ይኸው ታሪክ ተደግሟል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በሥሩ ካደራጃቸው ፋብሪካዎች አንዱን ጋፋት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በቢሾፍቱ ያለው ደጀን አቪዬሽንም የእሱ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ነገር ግን መንግሥት አዛዥ፣ መንግሥት ሠሪ፣ መንግሥት ተቀባይ በሆነበት አሠራር ሜቴክ የያዛቸው የስኳር ፋብሪካ ግንባታዎች ለዓመታት ተጓተቱ፣ የህዳሴው ግድብ ኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራም በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከእጁ ተነጠቀ። ከጋፋት ስሟን ወርሰን ሕመሟንም ወረስን። በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የተባለው የድሮን አምራች ሲመረቅ በቴሌቪዥን ብዙ አየን፤ ስለ አፈታተኑ ግን የሰማነው ጥቂት ነው።

«የጦር መሣሪያ ምስጢር ነው፣ ፈተናው አደባባይ አይወጣም» የሚል መልስ ይሰጣል። ልክ ነው፣ አይውጣ። ምስጢርና ነፃነት ግን አይጣሉም። ፈታኙ ክፍል ደጁን ዘግቶ ሊሠራ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ለአምራቹ ተጠሪ አለመሆኑ ነው። ይህ በኢትዮጵያ አይቻልም ለሚል ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድን እጠቁመዋለሁ። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ ጋር ሲሠራ ሥራው ደረጃ በደረጃ ወደ ኢትዮጵያውያን እንዲተላለፍ ተደርጎ፣ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የጥገና ክፍሉ የአሜሪካንና የአውሮፓን የምስክር ወረቀት የያዘ ነው፤ ወረቀቱም ጉድለት ሲገኝ ሊነጠቅ ይችላል። በደርግ ዘመን «እሸት» የተባለውን የእርሻ አውሮፕላን በፈቃድ ያመረተው ይኸው ቤት ነው፤ ዛሬም ለቦይንግ ክፍሎች ያመርታል። ተመሳሳይ አገር፣ ተመሳሳይ ሕዝብ፣ ተመሳሳይ ድህነት፤ ልዩነቱ ከውጭ መጥቶ «አይሆንም» የሚል ፈታኝና ታቅዶ የተከናወነ ርክክብ መኖሩ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከራሱ ከወሎ የሚነሳው ነው። መሣሪያው የሚተኮሰው በማን ላይ ነው? ቴዎድሮስ በወሎ ላይ ያደረጓቸው ዘመቻዎች ያወረዱትን መከራ የዚህ ምድር ሰው አልረሳም፤ ያለፉት ዓመታት ጦርነቶችም ደሴንም፣ ኮምቦልቻንም፣ ገጠሩንም ቤት ለቤት አንኳኩተዋል። ድሮን የሚለው ቃል እዚህ ሲነሳ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ኢንዱስትሪ አይደለም። ይህን ጥያቄ ምሕንድስና አይመልሰውም፣ እኔም በምሕንድስና ልሸፍነው አልሞክርም። መሣሪያ ሠሪውን «አቁም» የሚለው አካል ያስፈልጋል ስል፣ መሣሪያ ተኳሹንም «አቁም» የሚል ሕግና ምክር ቤት ያስፈልጋል ማለቴ ነው። አንዱን የማይታገስ መንግሥት ሌላውንም አይታገስም።

ጄቱ ይቆይ። የሚቀድመው ጥገናው፣ መለዋወጫው፣ የብረት መመርመሪያ ላብራቶሪው፣ ከሁሉም በላይ ከመከላከያ አምራቾች ውጭ የቆመ የፍተሻ ተቋም ነው። ትንሽ ጅምር ደግሞ እዚሁ ደጃችን አለ። ስለ ሴባስቶፖል ክብደት በጽሑፍና በቃል የሚዞረው ቁጥር ከሰባት ቶን እስከ ሰባ ቶን ይዘልቃል፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉን አቁመን፣ በክብደቱ አልተስማማንም። አንድ ሜትር ኩብ ነሐስ 8.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሰባ ቶን ለመሙላት ቀዳዳ የሌለው፣ በየጎኑ ሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ያስፈልጋል፤ ሰባት ቶን ግን ጎኑ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ድፍን ይገኛል። መድፉ አምባው ላይ አለ፣ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዞ የወጣ ተማሪ ለመልሱ በጣም ይቀርባል። የአምባውን ስም የያዘው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ተማሪዎች አሉት። መምህራኑ መድፉን ይለኩት፣ የብረቱን ቅይጥ ሳይጎዱት ይመርምሩ፣ ውጤቱን ማንም ደስ ቢለው ባይለው በአማርኛ ያሳትሙት። እናንተ አንባቢዎችም ነገ አንድ አዲስ አገር በቀል መሣሪያ በቴሌቪዥን ሲመረቅ ስታዩ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ማን እንደፈተነውና ፈታኙ ለማን ተጠሪ እንደሆነ ጠይቁ።