መጽሐፉ አታለለን ወይስ እኛ አላየንም?

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍና መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ስላነሡት ክርክር ነው። ክርክሩ ከተነሣ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እስካሁን አልበረደም። መጽሐፉ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ይባላል። የጻፈችው እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ናት። ታሪኩ በመጀመሪያ በ1925 በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ በክፍል በክፍል ወጣ። በ1926 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ መጽሐፍ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲ በሐሳቡ ፈጥሮ የጻፈው ታሪክ ነው። በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሰው ይገደላል፣ ወይም ንብረት ይሰረቃል። ማን እንዳደረገው አይታወቅም። አንድ መርማሪ ይመጣና ፍንጭ ይለቅማል። ፍንጭ ማለት ወንጀለኛው ሳያውቀው የተወው ትንሽ ምልክት ነው፤ የጫማ ዱካ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከቦታው የተነሣ ወንበር። አንባቢውም ቁጭ ብሎ አይሰማም። «እገሌ ይሆን? የለም፣ እገሊት ናት» እያለ ከመርማሪው ጋር ይሽቀዳደማል። እንቆቅልሽ እንደ መጫወት ነው። «አውቅልህ» ተባብሎ የተጀመረ ጨዋታ ደግሞ ሕግ አለው።

የአጋታ ክሪስቲ መርማሪ ኤርኩል ፗሮ ይባላል። አገሩ ቤልጅግ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተሰድዶ እንግሊዝ አገር ገባ። ቁመቱ አጭር ነው፤ ሪዙን እንደ ልጅ ይንከባከባል። ደራሲዋ ስለዚህ ሰው ሠላሳ ሦስት ረጃጅም ልብ ወለዶች ጽፋለች። የመጀመሪያው በ1920፣ የመጨረሻው በ1975 ታተመ። የምንነጋገርበት መጽሐፍ ሦስተኛው ነው።

ይህን ተራ ቁጥር ያዙልኝ። ከዚህ በፊት የወጡትን ሁለቱን ልብ ወለዶች የሚተርክልን የፗሮ ወዳጅ፣ መቶ አለቃ ሳይሆን ሻምበል ሄስቲንግስ ነበር። ሄስቲንግስ ብዙ ብልህ አይደለም፤ ነገር ግን የዋህና እውነተኛ ነው። አንባቢ ለመደው፣ አመነውም። በሦስተኛው መጽሐፍ ሄስቲንግስ ወደ አርጀንቲና ሄዷል። በእሱ ቦታ ሌላ ተራኪ ገባ። አንባቢውም የቀድሞውን እምነት ሳይመረምር ለአዲሱ ሰው አስረከበ። ጠቡ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ገዳዩን ሳልናገር ክርክሩን ማስረዳት አይሆንልኝም። መጽሐፉን ራሱን ለማንበብ ያሰበ ካለ ጆሮውን ይያዝ፤ በወረቀት የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ገጹን ይግለጥ።

ኪንግስ አቦት በምትባል የእንግሊዝ ገጠር መንደር አንድ ሐኪም ይኖራል። ዶክተር ሼፐርድ ይባላል። ታሪኩን «እኔ» እያለ የሚነግረን እሱ ነው። ፗሮ ጡረታ ወጥቶ ዱባ ሊተክል ወደዚሁ መንደር መጥቷል፤ የሐኪሙ የአጥር ጎረቤት ነው። በመንደሩ ሀብታም ከሚባሉት አንዱ አቶ አክሮይድ ነው። አክሮይድ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሊያገባ አስቧል። ሴትዮዋ ግን ባሏን የገደለችው ራሷ ናት፣ በመርዝ። ይህን ምስጢር ያወቀ አንድ ሰው «አወጣብሻለሁ» እያለ ገንዘቧን ሲያልባት ኖረ። በመጨረሻ መረራትና ራሷን አጠፋች። ከመሞቷ በፊት የዚያን ሰው ስም ጽፋ ለአክሮይድ በፖስታ ላከችለት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ደብዳቤ ላይ ነው። ዶክተሩ በዚያ ምሽት አክሮይድ ቤት እራት ተጋብዟል። ከእራት በኋላ ሁለቱ ለብቻቸው ተቀምጠው ሳለ ደብዳቤው መጣ። አክሮይድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ ስሙ ጋ ሳይደርስ አቆመ። «ብቻዬን ሆኜ ነው የማነበው» አለ። ዶክተሩ «ኧረ አሁኑኑ ጨርሰው» ቢለው እምቢ አለ። ዶክተሩ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያው ሌሊት አክሮይድ በጩቤ ተወግቶ ተገኘ። ደብዳቤው የለም።

ሁሉም ሰው የጠረጠረው የአክሮይድን የእንጀራ ልጅ ነው፤ ልጁ ገንዘብ ቸግሮታል፣ ከዚያ ሌሊት ጀምሮም ጠፍቷል። ፗሮ ዱባውን ትቶ ምርመራውን ያዘ። ከብዙ ምዕራፍ በኋላ እውነቱ ወጣ። ሴትዮዋን ሲያልባት የኖረው፣ አክሮይድንም የገደለው፣ ያው ታሪኩን ሲነግረን የቆየው ዶክተር ሼፐርድ ነው።

በ1926 ይህን ያነበቡ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን «ተታለልን» አለ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «እንቆቅልሹን እንድንፈታ ጋብዛችሁናል፤ ፍንጩን የሚያቀብለን ሰው ግን ራሱ ወንጀለኛው ነው። በዳኛው ወንበር ላይ ሌባውን አስቀምጣችሁ ‹ፍረዱ› ትሉናላችሁ እንዴ?» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሕግ ይውጣለት የሚሉ ተነሡ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስና ደራሲ በ1929 ዐሥር ሕጎች ጻፈ። የመጀመሪያው ሕግ፣ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት፣ ነገር ግን አንባቢው ሐሳቡን ሲከታተል የቆየው ሰው መሆን የለበትም ይላል። በ1930 ደግሞ ደራሲዎቹ ለንደን ላይ ማኅበር አቋቋሙ፤ አባል የሚሆን ሁሉ ዋና ፍንጭ ከአንባቢ ላይደብቅ ይምላል። የሚያስቀው፣ አጋታ ክሪስቲም የዚሁ ማኅበር አባል መሆኗ ነው። እስኪ ማን ያስወጣት!

ሌላው ወገን «ማንም አላታለላችሁም፣ ያላያችሁት እናንተ ናችሁ» አለ። ዶሮቲ ሴየርስ የምትባል ሌላ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የዚህ ወገን ጠበቃ ነበረች። አንባቢ የሆነ ሰው ሁሉንም ሰው መጠርጠር ሥራው ነው አለች።

ማን ልክ ነው? «ደስ አለኝ»፣ «አናደደኝ» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ወደ ተተከለበት ቦታ ይሄዳሉ እንጂ ቤት ተቀምጠው አይፈርዱም። የመጽሐፍ ወሰን ድንጋይ ገጹ ነው። ስለዚህ ወደ ገጹ እንመለስ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ።

ዶክተሩ ደብዳቤው ወደ ክፍሉ የገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ እንደ ነበር ይነግረናል። እሱ የወጣው ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንደ ሆነም ይነግረናል፤ ሲወጣ ደብዳቤው አልተነበበም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። በመካከል ግን ዐሥር ደቂቃ አለ። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ምን ተደረገ? አልተጻፈም! አንባቢ ከአንዱ ዐረፍተ ነገር ወደ ሌላው ሲዘል ጉድጓዱን አላየም። አክሮይድ የተገደለው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዶክተሩ በመጽሐፉ መጨረሻ ይህን አጻጻፉን ራሱ እያነሣ ይኮራበታል።

ሌላም አለ። ዶክተሩ ከቤቱ በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ወጥቶ የግቢውን በር ሲያልፍ የሰዓት ደወል ሦስት ሰዓት መታ። ከቤቱ እስከ በሩ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ለሽርሽር የሚመች አይደለም። ታዲያ አምስቱን ደቂቃ የት አጠፋው? ፗሮ የያዘው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የነገረን ማን ነው? ዶክተሩ ራሱ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የአክሮይድ ድምፅ ከክፍሉ ተሰምቷል ተብሎ ነበርና፣ ሁሉም ሰው እስከዚያ ድረስ በሕይወት ያለ መስሎት ነበር። ያ ድምፅ ግን ዶክተሩ በድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ያዘጋጀው ነው።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ መጽሐፉ አልዋሸም። የተጻፈው ሁሉ ቆሞ ይመሰክራል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ወገን «ሞኞች» ለማለት አልደፍርም። የተናደዱት ፍንጩ ስለ ጠፋባቸው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «እኔ» እያለ ሲነግራቸው አምነውት ነበር። እምነት ሲሰበር «ቃል በቃል አልዋሸሁህም» ማለት ቁስሉን አይሽረውም። ይህ በልብ ወለድ ብቻ የሚያጋጥም እንዳይመስላችሁ። የቤት ኪራይ ወይም የብድር ውል ስትፈርሙ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ያልተጻፈው ሊጎዳችሁ ይችላል። በቅርብ ጊዜ ማንበብ የጀመረ ሰው ፊደሉን ለመለየት ሲታገል ያልተጻፈውን ለመጠየቅ ፋታ አያገኝም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ የሚያስፈልገው፤ በሁለተኛው ፊደሉ አያስቸግርምና ዓይን ወደ ክፍተቱ ይሄዳል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ በቃል ነግሬያቸው ነበር። አንዱ «ደራሲዋ ካልዋሸች ልክ ናት» ሲል፣ ሌላዋ «ታዲያ ሐኪምን ካላመንን ማንን እንመን?» አለች። ለንደን የተነሣው ክርክር እኛ ዘንድም ያለ አስተርጓሚ ተነሣ!

ክርክሩን ጨርሶ ያልወደዱም አሉ። ኤድመንድ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐያሲ በ1944 እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አሰልቺ ናቸው ብሎ ጻፈ። አንባቢዎች ተቆጥተው ደብዳቤ አወረዱበት። በ1945 መልስ ሰጠ፤ የጽሑፉ ርዕስ አክሮይድን ማን ቢገድለው ማን ይጨነቃል የሚል ጥያቄ ነው። የእሱ ቅሬታ የቋንቋቸው ድህነትና የሰዎቻቸው ሕይወት አልባነት ነው። እንቆቅልሽ የሚፈልግና ሕያው ሰው የሚፈልግ አንድ መጽሐፍ ቢያነቡ ፍርዳቸው ሊገናኝ አይችልም። የሰው አስተያየት ስትሰሙ «ይህ ሰው ከመጽሐፉ የፈለገው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፒዬር ባያር የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ደግሞ በ1998 ጨርሶ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ተራኪውን መጠርጠር ካለብን መርማሪውንስ ለምን እናምናለን? አለ። ገጾቹን መልሶ መረመረና ፗሮ ተሳስቷል፣ ገዳይዋ የዶክተሩ እኅት ካሮላይን ናት ሲል ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። እኔን አላሳመነኝም፤ ድፍረቱ ግን ደስ ይላል፤ ደግሞም ከገጹ አልወጣም። በ2013 የብሪታንያ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር ስድስት መቶ አባላቱን ድምፅ ሲያሰጥ፣ ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ተብሎ የተመረጠው ይኸው «አታለለን» የተባለው መጽሐፍ ነው።

ካሮላይንን ካነሣሁ አይቀር ስለ እሷ ትንሽ ልጨምር። ያላገባች፣ ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ከማንም ቀድማ የምታውቅ ሴት ናት። እንቆቅልሹን የረሱ አንባቢዎች እንኳ እሷን አይረሱም። በ1928 ታሪኩ ለንደን ውስጥ በቴአትር ሲቀርብ፣ አዘጋጆቹ ካሮላይንን አውጥተው በቦታዋ አንዲት ወጣት ቆንጆ አስገቡ። ደራሲዋ በዚህ በጣም ቅር አላት፤ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ የምትወደው ካሮላይንን ነበርና። በ1930 ባወጣችው ሌላ ልብ ወለድ፣ እንደ ካሮላይን በመንደር ተቀምጣ ሁሉን የምታውቅ አንዲት አሮጊት መርማሪ አድርጋ አቀረበች። ስሟ ሚስ ማርፕል ይባላል። ስለ እሷ ዐሥራ ሁለት ረጃጅም ልብ ወለዶች ወጥተዋል።