አካል ይራራቅ እንጂ ወዳጅነት አይራራቅ

ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው ሚሊኒየም አዳራሽን ያውቀዋል። ባዛርና ኮንሰርት ሲስተናገድበት የኖረው ይህ አዳራሽ በወረርሽኙ ወቅት የኮቪድ-19 ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ነበር። በዚያው አካባቢ ያሉ ወላጆች ደግሞ በዚያን ጊዜ የልጆቻቸውን ሻንጣ ሲያዘጋጁ ነበር። በሽታው በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተነገረ በኋላ ወደየቤታቸው የተሸኙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተመራቂዎቹ ጀምሮ በየተራ ተጠርተው ነበር።

«ልጄ ይያዝብኝ ይሆን?» ብለው ቢሰጉ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ዶርም የጋራ ነው፤ ካፌው፣ ቤተ መጻሕፍቱና መታጠቢያ ቤቱም እንዲሁ። ሆኖም አደጋውን መቀነስ ይቻላል።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

ለልጅዎ ቢያንስ ሦስት የጨርቅ ማስክ፣ ሳሙና እና የአልኮል መጠኑ ከ60 በመቶ የማያንስ ሳኒታይዘር ይያዙለት። ማስኩ በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አገጭ ላይ የወረደ ማስክ ማንንም አይከላከልም። የራሱ ኩባያና ፎጣም ያስፈልገዋል።

በዶርም ውስጥ

መስኮት መክፈት ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ መከላከያ ነው። «ብርድ ይመታናል» በሚል ሰበብ መስኮት ዘግቶ መዋል ቫይረሱ ያለበትን አየር ተከፋፍሎ መተንፈስ ነው። አልጋዎች ከተቀራረቡ የአንዱ ትራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። ጉርሻውም ለጊዜው ይቆየን። ከቤት እየተመላለሱ የሚማሩም በታክሲ ውስጥ መስኮት ያስከፍቱ፤ ቤት ሲገቡ አያትን ከመሳም በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ትልቁ አደጋ መደበቅ ነው

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችላል። ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎም ይተላለፋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም ሽታና ጣዕም የማጣት ስሜት ሲጀምረው በዚያው ሰዓት መናገሩ ለሌሎች ሁሉ ይጠቅማል።

ግን ይናገራል? «ኮሮና» የሚል ቅጽል ስም እንደሚወጣለት፣ ጓደኞቹ እንደሚሸሹት፣ ትምህርቱም እንደሚያልፈው ካሰበ ሳሉን ውጦ ክፍል ይገባል። አብሮት የሚተኛው ደግሞ ሳያውቅ ይያዛል። እንደማይተዉት የሚያውቅ ተማሪ ግን ቶሎ ይናገራል። ስለዚህ መቀራረብ ራሱ መከላከያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ዓ.ም «ማኅበራዊ ርቀት» ከማለት ይልቅ «አካላዊ ርቀት» ማለትን የመረጠውም የሚራራቀው አካል እንጂ ዝምድና ስላልሆነ ነው።

እንዴት እንደጋገፍ?

የዶርም ጓደኞች ከመጀመሪያው ቀን «ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ምን እናደርጋለን?» ብለው ይነጋገሩ። ምግብ በር ላይ የሚያደርስ፣ የትምህርት ማስታወሻ በቴሌግራም የሚልክ፣ ጠዋትና ማታ የሚደውል ማን እንደሆነ ይወስኑ። ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ እንዳይረሳም በአጭር መልእክት ወይም በስልክ ጥሪ ያግኙት። መምህራንም ታሞ የቀረ ተማሪ ፈተናውን በሌላ ጊዜ መውሰድ ይችል እንደሆነ አስቀድመው ቢነግሩ ብዙ ድብብቆሽ ይቀራል።

ወላጅ ከሆኑ በስልክ «ማስክህን አድርገሃል?» ብለው ብቻ አይዝጉ። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ከማን ጋር እንደሚውል ይጠይቁት። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሰው የራቀ፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ተስፋ የቆረጠ ልጅ የባለሙያ ምክር ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ «ብትታመም አልቆጣህም፤ ቶሎ ንገረኝ» ይበሉት።

ምልክት ከታየ ወደ 8335 ወይም 952 በነፃ ይደውሉ። ትንፋሽ ካጠረ፣ የደረት ሕመም ካልለቀቀ ወይም ታማሚው ግራ ከተጋባ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ያድርሱት።