ስለ ልብ ወለድ አስተያየት መስጠት

አንድ ልብ ወለድ አንብባችሁ ስትጨርሱ «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» ማለታችሁ አይቀርም። ይህ ስሜት ነው፤ አስተያየት ግን ገና አይደለም። አስተያየት የሚባለው ስሜቱ በምክንያት፣ ምክንያቱም ከድርሰቱ በተገኘ ማስረጃ ሲደገፍ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት አንባቢዎችን የሚያከራክር አንድ የድርሰት ዓይነት እንመልከት።

የብሪታንያው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሸርሎክ ሆልምስ የተባለውን ወንጀል መርማሪ ለአንባቢ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ሆልምስ የሚመራው በሚታይና በሚዳሰስ ማስረጃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣ አንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት እናት የሕፃን ልጇን አንገት ስትመጥ ትታያለች። የቤቱ ሰዎችም ደም መጣጭ ጭራቅ ሳትሆን አትቀርም ብለው ይጠረጥሯታል። ሆልምስ ግን ነገሩን መርምሮ እውነቱን ያወጣል። ሕፃኑን በቅናት ተነሣሥቶ በመርዝ የወጋው የእንጀራ ልጇ ነበር፤ እናቲቱም አንገቱን የመጠጠችው መርዙን ለማውጣት ነበር። ማስረጃ ንጹሕ ሰው አዳነ ማለት ነው።

ዶይል እ.ኤ.አ. በ1930 ከሞተ በኋላ ሌሎች ደራስያን የእርሱን ገጸ ባሕርያትና የአጻጻፍ ስልት ተከትለው ብዙ ድርሰቶችን ጽፈዋል። ከእነዚህ አንዱ ጀምስ ላቭግሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ልብ ወለድ ሻድዌል በተባለው የለንደን ድሆች ሰፈር ሰዎች በረኃብ እንደ መነመኑ ሆነው ሞተው ይገኛሉ። ሆልምስ ምርመራውን ሲገፋበት ከጥንታውያን አማልክት ኃይል ጋር ይጋፈጣል። ተራኪው ዶክተር ዋትሰንም ቀድሞ የጻፋቸው ታሪኮች ይህን ምሥጢር ለመሸፈን የተዘጋጁ እንደ ነበሩ በመቅድሙ ይናገራል።

ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ተማሪዎች ቢጠየቁ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፤

ሀ/ «መጽሐፉ ድካም አለበት፤ ምክንያቱም አንባቢው ከመርማሪው ጋር አብሮ እንዳያስብ ያደርገዋል። የአማልክት ኃይል ወሰን ስለሌለው ማንም ቀድሞ ሊገምተው አይችልም።»

ለ/ «መጽሐፉ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ደራሲው አንባቢውን አላታለለም። ዓለሙ ከቀድሞው የተለየ መሆኑን ዋትሰን ገና በመቅድሙ ገልጾልናል።»

ሁለቱም አስተያየቶች ተቃራኒ ቢሆኑም የተሟሉ ናቸው። «ምክንያቱም» የሚለው መስተጻምር ፍርዱን ከማስረጃው ጋር አገናኝቷልና። «መጽሐፉ የማይረባ ነው» ብሎ የሚያቆም ግን ፍርድ ሰጠ እንጂ አስተያየት አልሰጠም።

መናፍስትን በወንጀል ምርመራ ውስጥ ማስገባት በአገራችን የድርሰት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቀድሞ ዘመን «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበር። «ሻይ» ማለት «ፈላጊ» ማለት ሲሆን፣ «ሻ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የቆየው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ይህን ልማድ በአንኮበር ሳለ በማስታወሻው መዝግቦታል። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት ሌባ ሻዩ አንድን አገልጋይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጣዋል። አገልጋዩም ራሱን ስቶ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውንም ዕቃ ዋጋ እንዲከፍል ይገደዳል። ያ ሰው «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አልነበረም። ልማዱ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ተከልክሎ ቀርቷል።

እንግዲህ በልብ ወለድ ውስጥ መንፈስ ቢገባ ጉዳቱ ቢበዛ ታሪኩን ማበላሸት ነው፤ በእውነተኛ ፍርድ ውስጥ ሲገባ ግን የንጹሕ ሰው ቤት ይፈርሳል። እናንተም ስለ መጽሐፍም ሆነ ስለ ሰው ስትናገሩ ምክንያታችሁን ከነማስረጃው አቅርቡ። ያለ ማስረጃ የሚፈርድ ሰው ራሱን ስቶ ካገኘው ቤት ገብቶ ከሚተኛው አገልጋይ አይለይም።

መልመጃ

1. በስሜትና በአስተያየት መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
2. ከ«ሀ» እና ከ«ለ» አስተያየቶች የትኛውን ትደግፋላችሁ? «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን ቃላት በመጠቀም አንድ አንቀጽ ጻፉ።
3. ስለ ሌባ ሻይ በአካባቢያችሁ የሚገኙ አረጋውያንን ጠይቃችሁ የሰማችሁትን በክፍል ውስጥ ተናገሩ።