ዝቅተኛና ለጥ ያለ መሬት ለጎልፍ ሜዳ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው። ዱላው የገናን ጨዋታ ቢያስታውስም፣ በጎልፍ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ እየመታ ዐሥራ ስምንት ጉድጓዶችን በተራ ያዳርሳል። በዚህ የተነሣ ሜዳው ብዙ ሄክታር መሬት ይፈልጋል።

ስፍራው ኮረብታማ ከሆነ ንድፍ አውጪው የተፈጥሮውን ከፍታና ዝቅታ ይጠቀማል። መሬቱ ዝቅተኛና ለጥ ያለ ሲሆን ግን ስለ ኳሱ ከማሰቡ በፊት ስለ ውኃው ማሰብ ይኖርበታል። ተዳፋት በሌለበት የዝናብ ውኃ አይወርድም፤ የከርሰ ምድር ውኃም ለገጹ ቅርብ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ በውኃ ሲሞላ አየር ይታጣል፤ የሣሩም ሥር ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል።

መፍትሔው ኩሬና ቦይ መቆፈር ነው። ጉድጓዱ ውኃውን ይሰበስባል፤ የወጣው አፈር ደግሞ መጫወቻውን ከፍ ያደርጋል። ለምሳሌ የ1 ሄክታር ኩሬ 2 ሜትር ቢቆፈር 20,000 ሜትር ኩብ አፈር ይገኛል። ይህም 4 ሄክታር መሬት በግማሽ ሜትር ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ከዚያም ገጹ በ100 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይስተካከላል። አሸዋ ውኃን ቶሎ ስለሚያሳልፍ፣ ሸክላ አፈር ግን ስለሚይዝ፣ ከላይ አሸዋ ቢነጠፍ ይመረጣል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘውና በ1980 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሶግራስ ሜዳ ነው። 415 ኤከር (168 ሄክታር ያህል) የሚሆነው መሬት ረግረግና ጫካ ስለነበረ በ1 ዶላር ብቻ ተሸጠ። ንድፍ አውጪው ፒት ዳይ ኩሬዎች አስቆፍሮ፣ በወጣው አፈር ሜዳውንና ተመልካች የሚቆምባቸውን ጉብታዎች ሠራ። ጥሩ አሸዋ የተገኘው በ17ኛው ጉድጓድ አካባቢ ስለነበረ፣ አሸዋው ለሌላው ክፍል እየተወሰደ በስፍራው ትልቅ ጎድጓዳ ቦታ ቀረ። እርሳቸውም ንድፍ አውጪ የነበሩት ባለቤቱ አሊስ ዳይ፣ ቦታው በውኃ ተሞልቶ የጉድጓዱ መስክ ደሴት እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ሜዳው ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በዚህ ደሴት ነው።

ይሁን እንጂ ረግረግ ጥቅም የሌለው መሬት አይደለም። ጎርፍን ይገታል፤ ለአዕዋፍና ለዓሣ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ የቱ እንደሚቆፈርና የቱ እንዳለ እንደሚቀር አስቀድሞ ማጥናት የንድፉ ክፍል ነው።

በክረምት ውኃ የሚተኛበት የትምህርት ቤት ሜዳም በዚሁ ዘዴ ሊሻሻል ይችላል። ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፣ አፈሩን ወደ መካከል መልሶ መጠቅጠቅ ነው። ተማሪዎች የሜዳቸውን ስፋት ለክተው፣ መካከሉን በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ስንት ሜትር ኩብ አፈር እንደሚያስፈልግ ያስሉ።